ማግኔቱ የያዘው ማቶንያ፣ ማግኔቱ የተወው ሃምሳ ሳንቲም

ባለፈው ጥር ለፈረሰኞቹ በዓል ወደ እንጅባራ ስሄድ ዳንግላ ወረድኩና አክስቴ ቤት አደርኩ። ገና ቁጭ ከማለቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «እስኪ አንተ ተምሬያለሁ የምትል፣ ይሄን እይልኝ» አሉ። የተማርኩት ፊዚክስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተሰቡ ፊዚክሴን የሚፈልገው አምፖል አልበራ ሲል ብቻ ነበር።

ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ጠገራ ብር፣ ሁለት ማቶንያ፣ የቀረው በሙሉ ሃምሳ ሳንቲምና ሃያ አምስት ሳንቲም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ገበያ ላይ የድሮ ገንዘብ እገዛለሁ የሚል ሰው መጥቶ ነበር። ሰውዬው ማግኔት ይዟል። ወደ ማቶንያዎቹ ሲያስጠጋው ጠቅ ብለው ተለጠፉ። «እማማ፣ ይሄ ብረት ነው፣ ዋጋ የለውም» አላቸው። ወደ ጠገራው ሲያስጠጋው ዝም። «ይሄ ደግሞ ኒኬል ነው እንጂ ብር አይደለም። ግን ይሁን፣ ሦስቱንም በስምንት መቶ ብር ልውሰድልዎት።» አክስቴ «ልጆቼን ላማክር» ብለው አመለጡ። ጠገራው የእናታቸው ነው። ለመሸጥ ያሰቡትም ወደው አይደለም፤ የመጨረሻ ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ ነው፣ አሮጌም ቢሆን ላፕቶፕ ያስፈልገዋል።

ልጁ ደግሞ በራሱ መንገድ ሄዶ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። ቲክቶክ ላይ «ማግኔት የማይስበው ሃምሳ ሳንቲም ንጹሕ ብር ነው፣ አንዱ ብዙ ሺህ ያወጣል» የሚል ቪዲዮ አይቶ፣ የተበላሸ ስፒከር ፈታቶ ማግኔቱን አውጥቶ፣ አርባ የማይለጠፉ ሳንቲሞች ለይቶ ጨርሷል። እዚህ ድረስ ምንም አይደል። ከቪዲዮው ስር ወዳለው የቴሌግራም ቻናል ገብቶ ግን «የሻጭ መመዝገቢያ» ተብሎ ሁለት ሺህ ብር ልኳል። ከዚያ ወዲህ መልስ የለም። እናቱ አያውቁም። ለእኔ የነገረኝ ማታ፣ በረንዳ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ጋሼ፣ ግን ሳንቲሞቹ ብር ናቸው አይደል?»

እናማ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ማግኔት ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ሰጥቷል። ለገበያው ሰውዬ ያልተለጠፈው «ኒኬል» ነው፤ ለቴሌግራሙ ያልተለጠፈው «ብር» ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ወይም አሳስተዋል። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ኒኬል የነበረው ሰውዬው «ብረት» ብሎ የጣለው ማቶንያ ነው።

ከማቶንያ ልጀምር። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ አንዱ ብር በ100 ማቶንያ ተከፈለ። 1 እና 5 ማቶንያ ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 ማቶንያ ደግሞ ከኒኬል ተሠሩ። በአንድ ፊቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው አንበሳ አለበት። በኛ አገር ገበያ ግን ጠገራ ብርን ከሰው ልብ ማውጣት ቀላል አልነበረም። በዚያው ዘመን ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያጠናው ከዚህ ተነስቶ ነው። ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰዉ የሚያምነው የማርያ ትሬዛን ብር ነበር። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ እንኳን አብሯቸው የተጫነው ገንዘብ ጠገራ ነው።

ኒኬል ማግኔት ይስበዋል። ብዙ ሰው ማግኔት የሚስበው ብረትን ብቻ ይመስለዋል፤ ኒኬልና ኮባልትም ይሳባሉ። ስለዚህ የአክስቴ ማቶንያ መለጠፉ የትክክለኛነቱ ምልክት ነው እንጂ የውድቀቱ አይደለም። የማይለጠፍ 50 ማቶንያ ብታገኙ ያኔ ነው መጠርጠር።

አሁን ወደ ልጁ ሃምሳ ሳንቲም። እዚህ ጋ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ከሜዳ ተነስቶ አልዋሸም፣ የውሸቱን ዘር ከእውነት ነው የለቀመው። ከጦርነቱ በኋላ ገንዘቡ ሲታደስ፣ በ1936 ዓ.ም. ቀን የታተመበት ሃምሳ ሳንቲም እውነትም ከብር የተሠራ ነበር። የዚያን ዘመን ሌሎቹ ሳንቲሞች መዳብ ናቸው። ደስ የምትለኝ ታሪክ ደግሞ አለች፦ የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ ድፍን ክብ ነበር፣ መጠኑም ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረባል። ብልጦች ሃያ አምስቱን ብር እየቀቡ በሃምሳ መመንዘር ጀመሩ። መንግሥት ሳንቲሙን ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስጠረበው። ያ ጠርዙ የተከረከመ ሃያ አምስት ሳንቲም ከሽማግሌዎች እጅ ካያችሁ፣ ጠርዙ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ የሌባ መከላከያ ነው። ቴሌግራም ሳይኖር ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ አርባ ሳንቲሞች ግን ፲፱፻፷፱ የሚል ቀን ነው ያለባቸው። ግዕዝ ቁጥር ማንበብ አይችልም ነበር። (አትሳቁ፤ ስንቶቻችሁ ናችሁ የምትችሉት?) የ1969 ዓ.ም. ሃምሳና ሃያ አምስት ሳንቲም ኩፕሮኒኬል የሚባል የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። በዓለም ላይ ለሳንቲም የተለመደው ልክ 75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒኬል ነው። ሦስት አራተኛው መዳብ ሆኖ ሳለ ቀይነቱ የት ጠፋ? ኒኬል ሩብ ያህል ሲገባ የመዳብን ቅላት አጥፍቶ እንደ ብር ነጭ ያደርገዋል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። በጣም የቆየ ማታለያ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ዛሬ አፍጋኒስታን በምንላት አገር የነገሡ የባክትሪያ የግሪክ ነገሥታት ከዚሁ ቅይጥ ሳንቲም ያስመቱ ነበር።

ታዲያ ኒኬል የሚለጠፍ ከሆነ፣ ሩቡ ኒኬል የሆነ ሳንቲም በሩብ ጉልበት እንኳን ለምን አይለጠፍም? ልጁም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከዳንግላ እንጅባራ የሚሄደውን ሚኒባስ አስቡ። የኒኬል አተም ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚቀመጡበት አንድ ወንበር አለ እንበል፣ ሙሉ በሙሉ አልሞላም። በአማካይ ለአንድ አተም 0.6 ያህል ክፍት ቦታ ይቀራል። የኒኬል ማግኔትነት የሚመጣው ከዚህ ጉድለት ነው፤ ሁሉም ኤሌክትሮን ጥንዱን ስላላገኘ ጥንድ ያጡት አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ። መዳብ በአተሞች ሰንጠረዥ ላይ የኒኬል የቅርብ ጎረቤት ነው፦ ኒኬል 28፣ መዳብ 29። አንድ ኤሌክትሮን ይበልጣል። ስለዚህ አንድ የመዳብ አተም በኒኬል መሀል ሲገባ አንድ ትርፍ ተሳፋሪ ይዞ ነው የሚገባው። መቶ አተም ቢኖር ክፍት ቦታው 60 ነው። ስልሳዎቹ አተሞች መዳብ ሲሆኑ 60 ትርፍ ተሳፋሪ ገባ ማለት ነው፣ ወንበሩ ሞላ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋ። ማግኔትነቱ አበቃ። የኛ ሳንቲም ውስጥ መዳቡ 75 ነው፤ መስመሩን ካለፈ ቆይቷል። ይህን ስሌት የፊዚክስ ሰዎች የሠሩት እንደ ፈረንጆች በ1930ዎቹ ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች የቅይጡ ውስጥ ኑሮ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል፣ ኒኬሎች ተሰባስበው በተገኙበት ቦታ ትንሽ ማግኔትነት ሊቀር ይችላል፤ የወንበሩ ሒሳብ ግን ዋናውን ነገር በትክክል ይናገራል።

ሌላም አለ። ማግኔትነት ሙቀት አይወድም። የእንጅባራ ፈረሰኞች ተሰልፈው ሁሉም ፈረስ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር አስቡና መሀላቸው አንድ ሰው ርችት ይወርውር፤ ሙቀት አተሞችን የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ንጹሕ ኒኬል 358 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሰልፉ ይፈርስና ከማግኔት ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ ልክ የኩሪ ሙቀት ይባላል። መዳብ ሲጨመርበት ልኩ እየወረደ ይመጣል። መዳቡ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን የክፍል ሙቀት ላይ ይደርሳል። ሞኔል የሚባለው የመርከብና የቧንቧ ቅይጥ እዚህ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው፤ እንደ ልኩ አንዱ ሲበርደው በደካማው ሊለጠፍ፣ ሲሞቀው ሊተው ይችላል። የእንጅባራን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው፣ ጠዋት ማግኔት የሚስበው ከሰዓት የማይስበው ብረት ቢባል ብዙ አይገርምም።

ልጁ ይህን እንደሰማ ወደ እናቱ የከሰል ምድጃ አየ። የአዊ ከሰል 358 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። «ማቶንያውን እናስገባና ሲላቀቅ እንየው!» አለ። አይሆንም አልኩ። የድሮ ሳንቲም እሳት ካየ ገጹ ይበላሻል። አይታጠብም፣ በሎሚም በአመድም አይፈተግም፣ የሰብሳቢ ዋጋው የሚሞተው እዚያ ነው። አክስቴ ለበዓል ሲሉ ጠገራውን ሊፈትጉት ነበር፣ በስንት ልመና ተዉት።

ስልክ ያላችሁ ደግሞ ማግኔት ሳትፈልጉ መሞከር ትችላላችሁ። ብዙ ስማርትፎን ውስጥ ለኮምፓስ ተብሎ የተሠራ የማግኔት መለኪያ አለ (ርካሾቹ ላይ ላይኖር ይችላል)። እንደ ፊፎክስ ያለ ነፃ አፕ ብትጭኑ መስኩን በማይክሮቴስላ ያሳያችኋል። በአገራችን ከምድር ብቻ የሚመጣው 35 ምናምን ማይክሮቴስላ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ መስኩ እኛ ጋ ደካማና ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ፈረንጆች በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተተከለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ከአናቱ አካባቢ ሳንቲሙን ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉት። የ1969ኙ ሃምሳ ሳንቲም ቁጥሩን አያነቃንቀውም። ማቶንያው ያነቃንቀዋል። ባለ ሁለት ቀለሙ አንድ ብር ደግሞ ጭራሽ ያዘልለዋል።

የአንድ ብሩን ካነሳሁ፦ እሱም፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቀን የታተመባቸው ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲሞችም ማግኔት ይስባቸዋል። ውስጣቸው ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ ነው የተለበጠው። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። መዳብና ኒኬል ሲወደዱ ሳንቲሙ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ወጪ ይጠይቃል። እንግሊዞች እንኳን 5 እና 10 ፔንሳቸውን እንደ ፈረንጆች በ2012 ከኩፕሮኒኬል ወደ ኒኬል የተለበጠ ብረት ቀይረዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምስል ያላቸው ሁለት ሃምሳ ሳንቲሞች አንዱ ተለጥፎ አንዱ ቢቀር አንዱ ፎርጅድ ሆኖ አይደለም፤ ዘመናቸው ተለያይቶ ነው። ቪዲዮው የሚጫወተው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ማግኔት እንግዲህ የሚነግራችሁ «ይሄ ይለጠፋል» ወይም «አይለጠፍም» ብቻ ነው። ብር አይለጠፍም፤ መዳብም፣ ነሐስም፣ ኩፕሮኒኬልም፣ አሉሚኒየምም አይለጠፉም። በዓለም ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው የውሸት ጠገራ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከመዳብ ቅይጥ ስለሚሠራ ማግኔቱን በሰላም ያልፋል።

ስለዚህ ሌላ ፈተና አስፈለገን። የመጀመሪያው እዚያው ቤት ነበር፣ የፈላ ውሃ። አክስቴ ቡና ሊያፈሉ የጣዱትን ትንሽ ቀዳሁና ጠገራውን በአንድ እጁ፣ ሃምሳ ሳንቲሙን በሌላው፣ ጫፍ ጫፋቸውን እንዲነክር አደረግኩት። ሦስት አልቆጠረም፣ ጠገራውን «ውይ!» ብሎ ለቀቀው። ሃምሳ ሳንቲሙ በእጁ ነው፣ ገና ለብ እያለ። ብር ሙቀትን ከኩፕሮኒኬል ከአስር እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የሚገርመው መዳብ ለብቻው ጎበዝ አስተላላፊ ነው፣ ኒኬልም መጥፎ አይደለም፤ ሲቀላቀሉ ግን ከሁለቱም ያነሱ ሰነፎች ይሆናሉ። ሁለቱ አተሞች ያለ ሥርዓት ስለተደበላለቁ የሚሮጠው ኤሌክትሮን በየደረሰበት ይደናቀፋል። ኤሌክትሪክም ላይ እንዲሁ ነው። ኒኬሉ 45 በመቶ አካባቢ ሲሆን ኮንስታንታን የሚባል ሽቦ ይሆናል፣ ከመዳብ ወደ 30 እጥፍ ገደማ ኤሌክትሪክን ይቋቋማል፣ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ልኩ እምብዛም አይለወጥም። የምድጃና የፋብሪካ ሙቀት መለኪያዎች ውስጥ የምታገኙት እሱን ነው። ስልካችሁን ብትከፍቱም (አትክፈቱ) ቺፖቹን የሸፈኑት ቀጫጭን ነጭ ክዳኖች ብዙ ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ናቸው። ማግኔት የማይስባቸው ስለሆኑ ኮምፓሱን አይረብሹም።

ሁለተኛው ፈተና በማግስቱ እንጅባራ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ ልንሸጥ የመጣን መስሎት ነበር፣ ሚዛኑን ብቻ ፈልገን መሆኑን ሲሰማ ሳቀ፣ ፈቀደ። አሠራሩን ልብ በሉ፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ ጠገራውን እንዳለ መዘንነው፦ 27.86 ግራም። አዲስ ሆኖ ሲመታ 28.07 ነው፣ ትንሿ ጉድለት የእጅ መልበስ ናት። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስን። ጠገራውን በክር አስረን፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልነው። ሚዛኑ 2.74 አለ። ይህ ጠገራው የገፋው ውሃ ነው። 27.86 ለ2.74 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር የቀረው መዳብ የሆነ ቅይጥ እፍግታው 10.2 ነው። የማርያ ትሬዛ ልክ።

ባለቤቱ ራሱ ዞሮ መጣና «ድገሙት» አለ። ደገምነው። ያው።

ከዚያ ሃያ ሃምሳ ሳንቲሞችን በአንድ ላይ በክር ከረጢት አድርገን አንጠለጠልን፤ አንዱ ስድስት ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ለብቻው ቢለካ ስህተቱ ይበዛል። 118.9 ግራም፣ የገፉት ውሃ 13.35። ስታካፍሉት 8.9። መዳብ 8.96፣ ኒኬል 8.9፤ ቅይጣቸውም እዚያው ነው። ብር ቢሆኑ ኖሮ ከ10 በላይ ይመጣ ነበር። ልጁ ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ነካ። አርባዎቹ ሳንቲሞች በሕግ ዋጋቸው ሃያ ብር ናቸው። በዛሬ ዋጋ ማኪያቶ አይገዙም።

ወጥተን ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ብዙ አላወራም። «ሁለት ሺሁን ለእማ እንዴት ነው የምነግራት?» አለ በመጨረሻ። ከሳንቲሙ ይልቅ ይኼ ነበር የከበደው። የላከበትን ደረሰኝና የቻናሉን ገጽ ስክሪንሾት አድርጎ እንዲያስቀምጥ፣ ለፖሊስም እንዲያመለክት፣ ከዚያ በፊት ግን ለእናቱ ራሱ እንዲነግራቸው መከርኩት። ማታውኑ ነገራቸው። እኔ ከጓሮ ነበርኩ፣ የሰማሁት የአክስቴን ድምፅ ብቻ ነው፦ «ብረቱን ስትፈትን እናትህን ብትጠይቅ ምን ነበር!»

እውነታቸውን ነው። ከቡናው በኋላ ጠገራውን ከእጄ ወሰዱና ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ። በጥፍራቸው የንግሥቲቱን ጌጥ ተከትለው የሉል ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ እናታቸው እንዳስተማሯቸው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጣል አድርገው ጆሮአቸውን ሰጡት። ረዥም ዜማ አወጣ። ሃምሳ ሳንቲሙን ጣሉት፣ አጠር ያለ ቅጭልታ። «ይኸው ነው» አሉ። «ታዲያ ለምን ሊሸጡት አሰቡ እትዬ?» ብላቸው «ሰውዬው ማሽን ይዞ መጣ፣ እኔ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ» አሉኝ።

ላፕቶፑ እስካሁን አልተገዛም፣ ጠገራውም አልተሸጠም። ማቶንያዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። ልጁ ግዕዝ ቁጥር ለምዷል። በቀደም ደውሎ የጎረቤቶቹን ቆርቆሮ ሁሉ እየዞረ እያየ መሆኑን ነገረኝ፤ የሚፈልገው ፲፱፻፴፮ የሚለውን ሃምሳ ሳንቲም ነው። ስንት እንዳየ ስጠይቀው ከሁለት መቶ በላይ አለኝ፣ ሁሉም ፲፱፻፷፱።